ደንገጎ ላይ የተጠየቅኩት

እሺ... እየቀዳ ነው? ሰላም ነው አቦ! ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ጅግጅጋው የሳይክል ጉዞ ዕቅድ ላወራ ነበር። ግን ደንገጎ ዳገት ላይ የተጠየቅኳት ጥያቄ አልለቅ አለችኝ። መጀመሪያ እሷን ልተንፍሳት።

ያው ታውቃላችሁ፣ ለኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር ሳይክል የነዳነው፤ ከድሬዳዋ ሐረር። «ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ደግሞ ረጅም ርቀት ይባላል?» ብሎ የጻፈልኝ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ና ሞክራት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900። ሰባት መቶ ሜትር ብቻ ይመስላል። ግን መንገዱ ሐረማያ ጋ 2,000 አካባቢ ይደርሳል። ከሐረር በላይ ወጥተህ ነው ወደ ሐረር የምትወርደው። ዳገቱ ደግሞ ሁሉም ደንገጎ ላይ ተቆልሏል።

እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ባቴ ጨምድዶ ያዘኝ። ማርሹን ብቀንስ፣ ብቀንስ፣ የሚቀነስ አልቋል። ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ከታች መጡ። ሸክሙን አላወረዱም፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ አሳረፉት እንጂ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተጋድሟል። አውራ ጣታቸውን ከሥሩ አስገብተው ትንሽ ሳብ አደረጉት።

«ማን አሳዶህ ነው?» አሉኝ፣ በኦሮምኛ።

ሳቄ መጣ። አስረዳኋቸው። ለታመሙ ሰዎች ገንዘብ እየሰበሰብን ነው፤ በኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብለው ቃል የገቡ አሉ፤ በነዳነው ልክ ይሰጣሉ።

ሳይክሏን አዩ። ባቴን አዩ።

«እና አንተ እዚህ ከቀረህ የታመመው ሰው ምን አጠፋ?»

«አይ እናቴ፣ ማበረታቻ ነው እኮ...» ምናምን አልኩ። ማንን ነው የሚያበረታታው? እኔን? ሰጪውን? ጨርሼ ሳልመልስ «በል ተነስ» ብለው ሄዱ። ቀድመውኝ! ከነእንጨታቸው!

በነገራችን ላይ ያንን ዳገት የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም። የሐረር ውሃም ከድሬ ወገን በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሌላ ምን ይደረግ? ሐይቁስ አሁን ተመልሷል። ሳልፍ አይቼው ደስ አለኝ፤ ወርጄ ፎቶ ሁሉ... እሱን ሌላ ቀን።

እና የኩላሊት እጥበት በሳምንት ሁለቴ፣ ሦስቴ ነው። የኔን ባት አይጠብቅም። ይሄ ነው የሚከነክነኝ። በሌላ በኩል፣ ቁጭ ብዬ ብጠይቅ «እስቲ እናያለን» የሚለኝ ሰውዬ፣ ላብ ሲያይ ስልኩን አውጥቶ ብር ይልካል። ያው ሰውዬ፣ ያው ብር! እኔ ካልተሰቃየሁ አይሰጥም ማለት ነው? ወይስ እኔ ነኝ ሳይክል መንዳት ስለምወድ ሰበብ የማበጅለት? አቦ ተዉኝ... ምናልባት ሁለቱም ነው። ምናልባት ምንም አይደለም፣ ብሩ ከገባ ገባ።

ለማንኛውም ጅግጅጋ። ከሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቢሌ ድረስ ቁልቁለቱ ያመዝናል፣ ኦቾሎኒ እየቆረጠምን። ቀጥሎ ዳካታ፣ እነዚያ አንዱ ባንዱ ላይ የቆሙት ድንጋዮች። የካራማራ ተራራ ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ እግር ሲያልቅ። ያ ጓደኛዬ፣ ኮርቻውን በትራስ የሚጠቀልለው፣ «ተወው፣ በደወሌ በኩል ጅቡቲ እንሂድ» ይላል። በዚያ ሙቀት! ውሃ የት ልትቀዳ ነው ወንድሜ?

እኔ ያሰብኩት ቃል የገቡት ሁሉ ቀድመው ይክፈሉ ነው። ሳንነሳ። ብሩ ይግባ፣ ከዚያ ደረስን አልደረስን የራሳችን ጉዳይ። ለአንዱ ነገርኩት፤ «ታዲያ ለምን ትነዳላችሁ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ማለቴ... እውነቱን አይደለም፣ ግን መልስ አጣሁለት። እና ካራማራ ላይ ባቴ እንደገና ቢይዘኝ አይሱዙ ላይ ከነሳይክሌ ልጫን? ይቻላል አይደል? ከተከፈለ በኋላ ማን...

ቆይ፣ ስልክ ነው። ባለ ትራሱ ነው፤ ስለ ጎማው ከመነዳሪ ነው የሚሆነው፣ ካላነሳሁለት ደግሞ ያልሆነ ቁጥር ይገዛና...