ሪፈር ሲላክ አብሮ የሚሄደው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ሳወጣ ሳወርደው የሰነበትኩት ጥያቄ አለ። የታካሚ መዝገብ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በኮምፒውተር ሲተላለፍ ሚስጥሩ የሚያመልጠው በየት በኩል ነው?

ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ጠላፊ ነው። መንገዱን መጠበቅ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። መረጃው መንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚያመሰጥረው ቲኤልኤስ፣ እትም 1.2 ወይም 1.3፣ ይደረጋል፣ ሁለቱ ሰርቨሮች በዲጂታል መታወቂያቸው፣ በሰርተፍኬት፣ ይተዋወቃሉ፣ አለቀ። እኔን የሚያሳስበኝ በትክክለኛ ፓስወርድ፣ በደንቡ መሠረት የሚወጣው ነው።

አንድ ታካሚ «ኤችአይቪ እንዳለብኝ ይሄኛው ክሊኒክ እንዲያውቅ አልፈልግም» አለ እንበል። ሲስተሙ ዲያግኖሲሱን ይደብቃል። መድኃኒቶቹ ውስጥ ግን የኤችአይቪ መድኃኒቶቹ ዶሉቴግራቪር፣ ላሚቩዲንና ቴኖፎቪር ተደርድረዋል። ላብራቶሪው ላይ ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን፣ አለ። ሐኪሙ በራሱ አነጋገር የጻፈው ኖትም አለ፤ እሱን ደግሞ አንድም ሳያመልጠው የሚለይ ማጣሪያ የለም። ስለዚህ የጤና መረጃ መለዋወጫ ስታንዳርድ በሆነው በኤችኤል7 አሠራር «የተገደበ» ወይም «በጣም የተገደበ» የሚለው ምልክት በሽታውን በሚያሳብቅ ነገር ሁሉ ላይ መደረግ አለበት።

ታዲያ ሁሉንም እንደብቀው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ያው ታካሚ ቲቢ ይይዘውና ሪፋምፒሲን ይታዘዝለታል። ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን ዶሉቴግራቪር ስለሚቀንሰው፣ በቀን አንዴ ይወሰድ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ መሆን አለበት። ያላየ ሐኪም ከየት አውቆ ያስተካክላል? በበኩሌ ታካሚው ይህ አደጋ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይደበቅልኝ ካለ ይደበቅለት እላለሁ። መስኮቱ ላይ ተሰልፎ ሳያነብ የፈረመበትን ወረቀት ግን ፈቃድ ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

ለድንገተኛ ጊዜ የተደበቀውን መክፈቻ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ለተወሰነ ሰዓት ይከፈትለታል፣ በማግስቱ ሌላ ሰው ይመረምረዋል። ያ ምርመራ ከቀረ፣ ሠራተኛው ሁሉ «ድንገተኛ ነው» እያለ መክፈት ይለምዳል።

ብዙም የማይወራለት ደግሞ የታካሚ መዝገብ ፍለጋው ነው። ስምና የትውልድ ዓመት ብቻ ሲገባ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሰዎች ከነአድራሻቸው የሚዘረዝር ሲስተም፣ ገና መዝገብ ሳይከፈት የማይመለከታቸውን ሰዎች አጋልጧል። አንድ ሰው ብቻ ከተመሳሰለ ያምጣ፣ ካልሆነ ተጨማሪ መለያ ይጠይቅ። «መዝገቡ የሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው» የሚለው መልስ ራሱም ሚስጥር ነው፤ የመዝገቡ ይዘት እስኪታይ መጠበቅ አያስፈልግም። የሁለት ሰው መዝገብ በስህተት ሲዋሃድማ ሚስጥር ከመውጣቱ በላይ የአንዱ አለርጂ ለሌላው ይጻፋል።

የራጅና የአልትራሳውንድ ፋይል ለትምህርት ወይም ለጥናት የምትልኩም ልብ በሉ፤ የሕክምና ምስል የሚቀመጥበት የዳይኮም ፋይል ውስጡ የታካሚውን ስም ይይዛል፣ አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስሙ ምስሉ ላይ ታትሟል። የፋይሉን ስም መቀየር አንዱንም አያጠፋም።

የመጨረሻው ሎግ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ የማንን መዝገብ ከፈተ። ታካሚው ቀጠሮም ሆነ አልጋ ሳይኖረው የተከፈቱትን፣ የሥራ ባልደረባ ወይም የታወቀ ሰው መዝገቦችን አስቀድማችሁ እዩ። ዋርዱ በሙሉ በአንድ ፓስወርድ የሚገባ ከሆነ ግን ሎጉ ምንም አይነግራችሁም። ነርሶችን ከመቆጣታችሁ በፊት ሲስተሙ ለመግባት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለኩ፤ ፓስወርድ የሚጋሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መዘግየት የተነሳ ነው።