እንቁላሉ አልተበላሸም ነበር

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ከሜክሲኮዋ ቲዋና ከተማ ፍሳሽ ይዞ ድንበር ተሻግሮ ወደኛ ስለሚመጣው ስለ ቲዋና ወንዝ ትንሽ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት፣ ወረቀትም አዘጋጅቻለሁ፣ ግን መጀመሪያ የእናቴን ነገር ልንገራችሁ።

እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ኢምፔሪያል ቢች ያለው አፓርታማችን ነው ያረፈችው። አንድ ቀን ከናይት ሺፍት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስገባ የኩሽናው መብራት በርቷል፣ ፍሪጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ እሷ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፍና እንቁላሉን አንድ ባንድ ቆሻሻ ውስጥ ትከታለች። «ይሄ ሁሉ ተበላሽቶ ልጆቹን ምን ልታበላ ነው?» አለችኝ። እማዬ እንቁላሉ ደህና ነው፣ የሚገማው ውጪው ነው ብላት አላመነችኝም፣ መስኮቱን ከፈት አድርጋ ወዲያው ዘጋችው። በነጋታው ማታ ሽታው ይጥፋ ብላ እጣን አጨሰች፣ አስም ያለባት ልጄ ደግሞ በጢሱ ሳሉ ጠናባት፣ ጢሱን በመስኮት እንዳናስወጣ ውጪው የባሰ ነው፣ ኢንሄለር ይዘን ቁጭ ብለን አደርን።

ያ ሽታ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ ከፍሳሽ የሚወጣ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ። በፈረንጆቹ 2024 ተመራማሪዎች ሳተርን ቡሌቫርድ የሚባለው መንገድ ጋ፣ የወንዙ ፍሳሹ ከቱቦ ወርዶ አረፋ በሚደፍቅበት ቦታ አየሩን ለክተው ጋዙን በብዛት አግኝተውታል። እኛ ግን መሳሪያም አላስፈለገን፣ ስንት ዓመት አፍንጫችን ሲለካው ኖሯል! ባህሩማ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከ1,000 ቀን በላይ በተከታታይ አትግቡ ተብሎ ተዘግቶ ቆይቷል፣ እዚህ ተወልደው ዋና የማያውቁ ልጆች አሉን።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ከመሀላችን «ሜክሲኮዎቹ ናቸው» የሚል ሲኖር ያናድደኛል። እውነት ነው ወንዙ ከቲዋና ወደኛ ነው የሚፈሰው፣ ተፋሰሱም ከአራት እጅ ሦስቱ እነሱ ጋ ነው፣ ቧንቧቸውም ፓምፓቸውም ሲሰበር ኖሯል። ግን እዚያ ያለው ፋብሪካ ለማን ነው የሚያመርተው? ቴሌቪዥኑ፣ የሆስፒታል እቃው ድንበር አልፎ ሲመጣ የኛ ነው፣ ፍሳሹ ሲመጣ የነሱ ነው? ያንን ፋብሪካ ውስጥ የምትሰራው እናትም እኮ ልጇን አቅፋ ያንኑ አየር ነው የምትስበው! እኛ ደግሞ ይሄን ለመፍረድ የመጨረሻዎቹ ነን። እኔ ቀበና ዳር ነው ያደግኩት፣ ያ ውሃ ሰፈራችንን አልፎ፣ አቃቂ ገብቶ የማን ጎመን ላይ እንደሚፈስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በሁለቱ አገሮች መሀል ውል አልጠፋም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1944 አለ፣ የ1983 አለ፣ ሐምሌ 2025 ላይ ደግሞ ሌላ ተፈረመ። ድንበሩ ላይ በኛ በኩል ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 25 ሚሊዮን ጋሎን ነበር የሚችለው፣ አሁን 35 ደርሷል፣ 50 ይሆናል ተብሏል። ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ፣ ግን ማጣሪያው ሰፋ ተብሎ ቧንቧውና ፓምፑ ካልተጠገነ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወንዙ ያንኑ ይዞ ይመጣል፣ ይሄንን ደግሞ በሁለቱም በኩል ያሉት ባለስልጣኖች ያውቁታል!

የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ ስንቶቻችን እንሄዳለን? እኔ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ያበሻ ፊት ፈልጌ አጥቻለሁ። ስራ አለ፣ አውቃለሁ፣ ሁለት ስራ የሚሰራም አለ፣ ስለዚህ በተራ እንሂድ። በአማርኛ መናገር የሚቀለው ካለ አስተርጓሚ አስቀድመን እንጠይቃለን። መመዝገቢያ ወረቀቱ ቡና የሚፈላበት ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ስምና ስልክ ብቻ ነው የሚሞላው፣ እኔም እዚያው ነኝ።