38 ነኝ ያልኩ ቀን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ልጁ ተኝቷል፣ እስኪነቃ ድረስ ነው የማወራው።

ስለ አንድ ውሸቴ ላውራችሁ። ትንሽ ናት፣ የአራት ዓመት ውሸት።

ይሄን ልጅ ሳረግዝ 42 ዓመቴ ነበር። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። "ልጇን ትድራለች ስንል እሷ አረገዘች" እንዳልባል ፈራሁ። ወሬ ደግሞ እዚህ ደሴ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ለመድረስ ታክሲ አያስፈልገውም። ደበቅኩት። ደሴ ለዚህ ትመቻለች፤ ከጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ጋቢ የደረበችን ሴት ማን ይጠረጥራል?

ጎረቤቴ ግን ነቃችብኝ። ቡና ላይ ነን፣ ገና ቶና ሳይቀዳ። ከበርጩማዬ ስነሳ እጄን ወገቤ ላይ አሳረፍኩ። "አንቺ! ይሄ እንኳን ብርድ አይደለም" አለችኝ። በማግስቱ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

አዋላጇ ካርድ አወጣች። "ዕድሜ?" "38።" ጻፈች። "የመጀመሪያ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?" "19።" "ስትወልጃት አንቺስ?" "23።" ኧረ አፌ! እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። አልተቆጣችም። "እናትዬ፣ ዕድሜሽን የምጠይቅሽ ለመታወቂያ አይደለም" ብቻ አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። ከ35 ወዲያ ግፊትም፣ የእርግዝና ስኳርም ይበዛል። ዳውን ሲንድረም ያለው ልጅ የመወለዱ ነገር በ25 ዓመት ከ1,000 አንድ አይሞላም፤ በ40 ከ100 አንድ ገደማ ይሆናል። ግፊት ለሚያሰጋት እናት ሐኪም የሚያዝላት ትንሽ አስፕሪን አለች። ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ትጀመራለች፣ ከ16ኛው በፊት ቢሆን ደግ ነው። እኔ የደረስኩት በ22ኛው። ጋቢ ውስጥ ሆኜ አለፈችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስምንት ጊዜ ታዩ ይላል፤ ሁለቱ አምልጠውኛል። ለአልትራሳውንዱ ግን ደረስኩ፣ እሱ ከ24ኛው ሳምንት በፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮ አልቀረሁም። በ35ኛው ሳምንት እንደ ወትሮው ክንዴን አሰረችው፣ ነፋችው፣ ለቀቀችው። ዝም አለች። ደግማ ነፋችው። 150 በ100፤ ግፊቴ ጨምሯል። ሽንቴ ውስጥ የነከረቻት ቢጫ ወረቀት አረንጓዴ ሆነች፤ ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አለ ማለት ነው። እኔን እኮ ምንም አላመመኝም! ቀጠሮ ባይኖረኝ እቤቴ ሽሮ እያማሰልኩ ነበር።

ሆስፒታል ተላክሁ። ራስሽን ካመመሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ ወይ ከደረትሽ ሥር ከወጋሽ ቶሎ ተጣሪ አሉኝ። እቤት ጎረቤቶቼ ወዳጃ ተቀምጠው ዱአ ያደርጉልኝ ነበር፤ እማዬ በበኩሏ ማርያምን ትማጸናለች። በ37ኛው ሳምንት ምጡን በመድኃኒት አስጀመሩልኝ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ።

ካርዱ አሁንም አለኝ። 38 ላይ አንድ ሰረዝ፣ ከላዩ ደግሞ 42፣ በአዋላጇ ሰማያዊ እስክሪብቶ። ትልቋ ልጄ አይታው እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

ቆይ... ነቃ መሰለኝ።