የልጆቻችን የጆርጂያ ወገን፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜያችሁን ስለሰጣችሁን በሥራ አስፈጻሚው ስም አመሰግናለሁ። የሒሳብ ሪፖርቱ ከምሳ በኋላ ስለሚቀርብ እኔ አልነካውም።

እዚህ አትላንታ ትዳር መሥርተን የቀረን ብዙ ነን። የአንዳንዶቻችን ልጆች በአንድ ወገን ጎጃሜ ወይም ሸዌ ናቸው፤ በሌላው ወገን የጆርጂያና የአላባማ ጥቁሮች ዘር ናቸው። በእኛ በኩል ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሰባት ቤት ይቆጥርላቸዋል። በዚያኛው በኩል ግን አያት፣ ቅድመ አያት ይባልና ቆጠራው ቀጥ ይላል። ብዙ ጊዜ ቀጥ የሚለው 1870 ላይ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ለምን 1870? ከባርነት የወጡት ሰዎች በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ እንደማንኛውም ሰው በስማቸው የተጻፉት ያኔ ነው። በ1850 እና በ1860 ለእነሱ የተለየ መዝገብ ነበር። ያንን ገጽ ላላያችሁ ልንገራችሁ። በአንድ በኩል የባለቤቱ ስም አለ። ከዚያ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የቆዳ ቀለም ይከተላል። 35፣ ሴት፣ ጥቁር። 12፣ ወንድ፣ ጥቁር። በቃ። የራሳቸው ስም የተጻፈበት ገጽ ከስንት አንድ ነው።

ታዲያ ስማቸው የት አለ? የባለቤቱ የንብረት ወረቀት ውስጥ ነው። ባለ እርሻው ሲሞት ንብረቱ ይቆጠርና ለፍርድ ቤት ይቀርባል። በዚያ ዝርዝር ላይ ከበቅሎው፣ ከማረሻውና ከጥጥ መዳመጫው ጋር ሰዎች በስማቸው፣ ከነዋጋቸው ይጻፋሉ። እናት ከነሕፃኗ በአንድ ዋጋ የተገመተችበትም አለ። ማንበቡ ያማል። «የነጮቹን ዘር ለምን ልቁጠር?» የሚለኝ አባል አለ። አልፈርድበትም። ግን የሰውየው ኑዛዜ፣ ለልጁ በሠርጓ ሰዎችን የሰጠበት ውል፣ ሰዎችን መያዣ ያደረገበት የብድር ወረቀት ካልተገላበጠ የእኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም።

ከባዱ ነገር ባለቤቱ ማን እንደነበር ማወቁ ነው። የቤተሰብ ስም አይቶ መደምደም አያዋጣም። ነፃ የወጡት ሁሉ የመጨረሻውን ጌታ ስም አልያዙም፤ የቀድሞውን ጌታ ስም የያዘ አለ፣ ራሱ መርጦ የወሰደም አለ። ስለዚህ በ1870 ገጽ ላይ ጎረቤቶቻቸውን እዩ። ብዙዎቹ ርቀው አልሄዱም። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፣ ነፃ የወጡትን ለመርዳት መንግሥት ባቋቋመው በፍሪድመንስ ቢሮ በኩል የተፈረሙ የሥራ ውሎችም አሉ፤ አሠሪው የትናንት ጌታቸው የሆነበት ጥቂት አይደለም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ከባርነት ለወጡት ሰዎች የተቋቋመውን የፍሪድማን ቁጠባ ባንክ መዝገብ ነው። ባንኩ በ1865 ተቋቁሞ ሳቫና፣ ኦገስታና አትላንታ ውስጥም ቅርንጫፍ ነበረው። ሒሳብ የሚከፍት ሰው የት እንደተወለደ፣ የት እንዳደገ፣ ለማን እንደሚሠራ ይጠየቃል። የሚስቱ፣ የልጆቹ፣ የእናቱና የአባቱ፣ የወንድሞቹና የእህቶቹ ስም ይሞላል። ቀደም ባሉት ቅጾች ላይ የጌታውና የእርሻው ስም ሳይቀር አለ። ሁሉም አልተሞላም፤ የተሞላ ያገኘ ግን ዕድለኛ ነው። መፈረሚያው ላይ ብዙ ጊዜ የምታዩት መጻፍ የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የሚያደርገውን የኤክስ ምልክት ነው። ባንኩ በ1874 ሲዘጋ የስንቱን ድሃ ጥሪት ይዞ ወደቀ። ያ ወረቀት ግን አልጠፋም።

የ1890 ቆጠራን የምትጠይቁኝ አትድከሙ። በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ እሳት ከነካው በኋላ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አልቀረም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን የሌላ ሰው የዘር ሐረግ ኮፒ አድርጎ መለጠፍም ይቅርብን፤ ሰነድ የሌለው ስም ወሬ ነው።

ዘንድሮ ያሰብነው ይህ ነው። ሞሮው ከተማ ውስጥ የጆርጂያ ቤተ መዛግብትና የፌዴራሉ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጎን ለጎን ናቸው። አብረን እንሄዳለን። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የ1880 ቆጠራ ገጹን ይዞ ይምጣ፤ እዚያ ላይ ማን ልጅ፣ ማን የልጅ ልጅ፣ ማን አማች እንደሆነ ተጽፏል፤ የ1870ው ይህን አይነግረንም። የአማቶቻችሁን ትልልቅ ሰዎችም አሁኑኑ ጠይቁ፤ የአውራጃውን ስም ብቻ ቢነግሯችሁ ይበቃናል። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።