ጋዙ ከመሬት በታች መቅረቱን ማን ያረጋግጥ? የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ አባላት፣ ከሂዩስተንም ከዋሽንግተን አካባቢም የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ላሰናዱና ምሳውን ለሸፈኑልን ቤተሰቦች ምስጋናችን የላቀ ነው። ሥልጠናዎቹ ተሰጥተዋል፤ ተማሪዎቻችን የሥራ ልምምድ ገብተዋል፤ ሒሳቡም ተመርምሯል። ዝርዝሩ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም።

ዓመቱን ሙሉ ወዳነታረከን ጉዳይ ልግባ፤ አንቀጽ 45ኪው። በድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችም ሆነ በሌሎች ተቋማት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለሚያስቀር የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠው የግብር ክሬዲት ማለት ነው።

አንቀጹ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ከመሬት በታች ለሚቀበር ቶን 20 ዶላር፣ ድፍድፍ ነዳጅ ለመግፋት ወደ ጉድጓድ ለሚገባ ቶን ደግሞ 10 ዶላር ነበር። በዚህ ሒሳብ ብቻ ተማምኖ የአሚን ማማ፣ ማለትም ጋዙን ከጭስ በሚመጥ ኬሚካል የሚሠራ ማማ፣ ለመትከል የሚደፍር ባለሀብት ማግኘት ከባድ ነበር። በ2022 ክፍያው 85 እና 60 ዶላር ደረሰ። ሙሉውን ለማግኘት የአካባቢውን የደመወዝ ልክ መክፈልና ተለማማጅ ሠራተኞች መቅጠር ግድ ነው፤ ያን ያላደረገ ለሚቀበረው 17 ዶላር ብቻ ያገኛል። ግንባታው ከ2033 በፊት መጀመር አለበት፤ ክፍያው ለ12 ዓመት ይዘልቃል። ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ ደግሞ ለነዳጅ ጉድጓዱም 85 ሆነ።

ከሁለት የከፈለን ይህ እኩልነት ነው። ገሚሶቻችሁ “የድፍድፍ ነዳጁ ገቢ ካልታከለበት ፕሮጀክቱ ሊጸና አይችልም” አላችሁ። ገሚሶቻችሁ “ነዳጅ ለማውጣት ለምን እንደጉም?” አላችሁ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ልኬቱ ነው።

ቴክሳስ ያለውን ፔትራ ኖቫ የተባለ የካርቦን መያዣ ተቋም እንይ። ከደብሊው ኤ ፓሪሽ ማመንጫ 8ኛ ዩኒት የ240 ሜጋ ዋት ያህል ጭስ ተቀብሎ በዓመት 1.4 ሚሊዮን ቶን እንዲይዝ የተሠራ ነው። ይህን ያህል ቶን በ85 ዶላር ቢባዛ በዓመት 119 ሚሊዮን ዶላር ይሆን ነበር። አሚኑን አሙቆ ጋዙን ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው እንፋሎት የሚመጣው ለብቻው ከተተከለ የተፈጥሮ ጋዝ ማመንጫ ነው፤ የዚያ ማመንጫ ጭስ ግን አይያዝም። ክሬዲቱ የሚሰላው በተያዘውና በተቀበረው ቶን ነው፤ ለመያዝ ሲባል የተለቀቀው አይቀነስም። እንዲህ ያለውን ነገር እኛ ካላነሳነው ማን ያነሳዋል? ይኸው ተቋም የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ በሜይ 2020 ቆሞ በሴፕቴምበር 2023 ነው ዳግም የተነሳው። የነዳጁ ገቢ ፕሮጀክቱን ያጸናል ብላችሁ የተከራከራችሁ ይህንንም አብራችሁ አስቡት።

ካናዳ ውስጥ ቦውንደሪ ዳም 3 የተባለው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጋዝ መያዣ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ተብሎ በ2014 ሥራ ጀመረ፤ አመድ ወደ መሣሪያዎቹ እየገባና አሚኑ እየተበላሸ ከእቅዱ በታች ሲያመርት ኖረ። ምክንያቱን በሥራው ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጭሱ ወደ ማማው ከመግባቱ በፊት ወደ 40 ዲግሪ መቀዝቀዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱም ከሚሊዮን 10 እጅ በታች መውረድ ይኖርበታል። ካልሆነ አሚኑ በ120 ዲግሪ ሙቀት እንኳ የማይፈታ ጨው ይሆናል፤ ያን አውጥቶ ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። ይህ ሁሉ ወጪ የሚቀድም ሲሆን ክሬዲቱ የሚመጣው ጋዙ ከገባ በኋላ ነው። የመነሻ እርዳታ ብቻውንም አላዋጣም፤ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ለ8 የድንጋይ ከሰል ፕሮጀክቶች ወደ 684 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው አንዱ ፔትራ ኖቫ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። በ2020 የግምጃ ቤቱ የግብር አስተዳደር ዋና ኢንስፔክተር እንዳሳወቀው፣ እስከ 2019 ድረስ ከተጠየቀው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ክሬዲት ወደ 894 ሚሊዮኑ የጸደቀ የክትትል እቅድ ሳይኖር የተጠየቀ ነበር። በ2021 የወጣው ደንብ ለነዳጅ ጉድጓዶች በገለልተኛ መሐንዲስ የሚረጋገጥ ሌላ መንገድ ከፈተ። ጋዝ ካመለጠም መንግሥት ክሬዲቱን ለማስመለስ ወደኋላ የሚሄደው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመቅበር ብቻ ለተቆፈረ፣ የ6ኛ ክፍል ለሚባለው ጉድጓድ ግን መርጨቱ ካበቃ በኋላ የሚጠበቀው ክትትል በመደበኛው 50 ዓመት ነው። ዋጋው እኩል ከሆነ ጥንቃቄው ለምን አይስተካከልም?

ረቂቅ ደብዳቤያችን የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ ስንት ቶን ገባ፣ ስንቱ ከድፍድፍ ነዳጁ ጋር ተመልሶ ወጣና ዳግም ገባ፣ ስንቱ አመለጠ፤ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። የተመለሰው ጋዝ ሁለቴ እንዳይቆጠር ጠባቂው ይህ ሰንጠረዥ ነው። ደብዳቤውን ያረቀቀው ንዑስ ኮሚቴ የሠራው ሥራ ያኮራኛል፤ በሌሊት የሠሩትን አውቃለሁ። ነገር ግን ስብሰባ ሦስት ጊዜ ጠርተን ሦስት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ። ደብዳቤው ሳይላክ ሕጉ ተፈረመ። ይህ ያንገበግበኛል።

ዛሬም የሌላችሁ አላችሁ፤ በተለይ በማመንጫዎቹ ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች። የአሚን ፍጆታውን፣ የኮምፕረሰሩን ብልሽት፣ የቆጣሪውን ስህተት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። አሠሪያችሁን ስም እንድትጠሩ አልጠየቅንም፤ ቁጥሩን አይታችሁ “ይህ ልክ ነው፣ ይህ አይደለም” እንድትሉን ብቻ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ በሻይ ሰዓት ደውሉላቸው፤ ድምፅ በስልክም ይቆጠራል።

ሕጉ ቢፈረምም የአፈጻጸም ደንቡ ላይ አስተያየት ማስገባት ይቻላል። የተሻሻለው ረቂቅ ወንበራችሁ ላይ ነው፤ ክርክሩ ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለሆነ ከዚያ ጀምሩ። ጸሐፊያችን፣ የስም ጥሪውን ይጀምሩልን።