መጋጠሚያው የማን ነው?

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ሰልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እዚህ ስጠራ «ስለ ወደፊቱ ኮምፒውተር ንገራቸው» ነው የተባልኩት። እኔ ጠጋኝ ነኝ። የወደፊቱ ኮምፒውተር እኔ ዘንድ የሚደርሰው ተበላሽቶ ነው። ስለዚህ ገበያ ሳይወጣ ስለቀረ አንድ ዴስክቶፕ ላውራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በጥር 2014 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደው የሲኢኤስ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሬዘር የተባለው የጌም ዕቃዎች አምራች «ፕሮጀክት ክርስቲን» ያለውን ዴስክቶፕ አሳየ። እኛ «ሲፒዩ» የምንለው ሳጥን ጭራሽ የለውም። ሳጥኑን ሲፒዩ ማለታችን መምህሮቻችሁን እንደሚያናድዳቸው አውቃለሁ፤ ምን ይደረግ፣ ደንበኛው ሌላ ስም አያውቅለትም። ብቻ መሃል ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል፣ ከምሰሶው ላይ ጥቋቁር እሽጎች እንደ ቅርንጫፍ ተሰክተዋል። በአንዱ ፕሮሰሰር፣ በአንዱ ግራፊክስ ካርድ፣ በሌላው ማከማቻ፣ በሌላው ፓወር ሰፕላይ። ካርዱ ሲያረጅ እሽጉን ነቅሎ አዲሱን መሰካት ነው። ብሎን መፍታት የለ፣ ኬብል መጎተት የለ። በምሰሶው ውስጥ የሚያልፈው እናንተም በየማዘርቦርዱ የምታዩት የካርድ መሰኪያ መስመር፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ነው። እሽጎቹ ደግሞ በማዕድን ዘይት የሚቀዘቅዙ ነበሩ።

ለምን ዘይት? ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሙቀት በመሸከም ውሃ ይበልጠዋል፣ ግን ውሃ ቦርድ ላይ ጠብ ካለ የሚሆነውን ታውቃላችሁ።

አየርስ ምን ጎደለው የሚል ይኖራል። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር ላይ ፋን ቀርቶ ሂትሲንክ፣ ማለትም ሙቀት የሚስበው ብረት እንኳ አልነበረም። በ2025 የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 5090 ካርድ ግን ብቻውን እስከ 575 ዋት ይበላል። የልብስ ካውያ ግማሽ ያህል ሙቀት በአንድ ካርድ ላይ ማለት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ካውያ። እኛ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ዝቅ ባለ አገር የተሞከረ ፋን እዚህ ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ቀላል ነው፣ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አቧራውን ሳንቆጥር ነው ይሄ። «እንግዲያው በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ለእኛ ነው» እንዳትሉ። ፈሳሽ ሙቀትን ያጓጉዛል እንጂ አያጠፋም፤ መጨረሻ ላይ ራዲያተሩ የሚያራግፈው እዚያው ስስ አየር ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቪዲዮ ኤዲተር፣ ዘመዱ ከውጭ የላከለትን ማሽን ይዞ መጣ። ያማረ ነው፣ መብራቱ ብቻ ሰርግ ቤት ያስመስለዋል። በውሃ የሚቀዘቅዝ። ሲያበሩት ይነሳል፣ ሥራ ሲበዛበት አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል። ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚያሻግረውን ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ያው ነው። ሁለት ቀን ካባከንኩ በኋላ እየሠራ ሳለ ሁለቱን ቱቦዎች በእጄ ያዝኳቸው። አንደኛው ይፋጃል፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛ። ውሃው አይዞርም፤ ፓምፑ ሞቷል። ከሁሉ በፊት መንካት የነበረብኝ ቱቦዎቹን ነበር፤ እናንተ ሁለቱን ቀን አታባክኑ።

ልከፍተው ፈለግሁ። ብሎን የለውም፣ መሙያ ቀዳዳ የለውም፣ ፋብሪካው አሽጎ ነው የለቀቀው። በመጨረሻ ከሞቱ ዕቃዎች መደርደሪያዬ ላይ የአንድ አሮጌ የቢሮ ማሽን ሂትሲንክ አወረድኩ። ልክክ ብሎ ገባ። ለምን ገባ? የፕሮሰሰር አምራቹ የኢንቴል 1156 ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ፣ በ2009 ሲወጣ በሂትሲንኩ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት 75 ሚሊ ሜትር ነበር። በ2020 የወጣው 1200 ሶኬት ላይም 75 ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ብረት አዲሱን ፕሮሰሰር ታደገው። በ2021 ግን 1700 ሶኬት ሲመጣ ርቀቱ 78 ሆነ። በሦስት ሚሊ ሜትር ምክንያት ያ መደርደሪያዬ ለአዲሶቹ ማሽኖች ዋጋ አጣ።

ክርስቲንን ያስቀራት ዘይቱ አይመስለኝም። ዘይት ለጠጋኝ ጣጣ ነው፣ እጅ ያቆሽሻል፣ የሽቦ ልባስ ያደርቃል፤ ግን መላ አይጠፋለትም። የከበደው መጋጠሚያው ነው። ያንን እሽግ የሚሠራው ማን ነው? ሌላ ኩባንያ ካርዱን በሬዘር ቅርጽ አሽጎ፣ በሬዘር ምሰሶ ላይ ብቻ እንዲሰካ አድርጎ ለምን ይሠራል? ነገ ሬዘር ቅርጹን ቢቀይርስ?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አይቢኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ የውስጥ ሥዕሉን በመጽሐፍ አሳትሞ ሸጠው፤ የፈለገ ሁሉ ካርድ ሠርቶ ሰካበት። በ1987 ፒኤስ/2ን ሲያመጣ ግን ማይክሮ ቻናል የተባለ አዲስ መሰኪያ ይዞ መጣ። ፍጥነቱ ከቀድሞው የተሻለ ነበር፣ ችግሩ ልሥራበት የሚል ሁሉ ፈቃድ ከአይቢኤም መግዛቱ ነው። በ1988 ኮምፓክን ጨምሮ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተሰባስበው ኢአይኤስኤ የሚባል የራሳቸውን መሰኪያ አወጡ። እሱም ብዙ አልዘለቀም፣ ግን ማይክሮ ቻናል ከዚያ በኋላ አላንሰራራም። በቅርቡም ኢንቴል፣ ያ ትልቁ ኢንቴል፣ በ2020 ፕሮሰሰርና ራም በአንድ ካርድ ላይ ሆነው የሚሰኩበትን፣ ኑክ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አወጣ። በ2023 የኑክን ሥራ ለአሱስ አስረክቦ ወጣ።

በ1995 የወጣውን የማዘርቦርድና የሳጥን ልኬት፣ ኤቲኤክስን ተመልከቱ ደግሞ። መልክ የለው፣ ኬብሉ የተተበተበ። ግን የብሎን ቀዳዳዎቹ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ዛሬ የገዛችሁት ኤቲኤክስ ማዘርቦርድ የድሮው ሳጥን ላይ ይታሰራል።

እናም ነገ አንድ ሰው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ፣ ነቅለው የሚሰኩት አዲስ ማሽን ይዞ ሱቃችሁ ቢመጣና «ልግዛ ወይ?» ቢላችሁ፣ ፍጥነቱን ለሻጩ ተዉለት። እናንተ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህን መሰኪያ ከዚህ ኩባንያ ሌላ የሚሠራ አለ? ፈሳሹስ የሚሞላበት ቀዳዳ አለው?

የልጁን ፓምፕ ይዤዋለሁ። በብረት መጋዝ ነው የከፈትኩት። ውስጡ ውሃው የሚያልፍባቸው ፀጉር የመሰሉ ቦዮች አሉ፤ የደፈናቸውን አረንጓዴ ዝቃጭ ሆን ብዬ አላጠብኩትም። ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ አሳልፉት። ጠርዙ ስለት ነው፣ ጣታችሁን።