ድብ ላይ ቃታ ከመሳባችሁ በፊት

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የቨርጂኒያ የድብ ፈቃድ ማውጣታቸውን አዘጋጆቹ ነግረውኛል። አጋዘን ያደናችሁ አላችሁ። አገር ቤት በአባቶቻችሁ ጠመንጃ ያደጋችሁም አትጠፉም። አያቶቻችን ስለ ጎሽና ስለ አንበሳ ብዙ ነግረውናል። ድብ ግን በአገራችን የለም፤ ስለ እሱ የወረስነው እውቀትም የለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለት ነገር እናገራለሁ። ጥይቱ የት ይረፍ? ምን ዓይነት ጥይትስ ይሁን?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስቀድም። አብዛኞቻችን የድብ ሥጋ አንበላም። ኦሪት ዘሌዋውያን በመዳፉ የሚሄደውን አውሬ ርኩስ ይለዋል፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አይበሉትም። «ታዲያ የማትበላውን ለምን ታድናለህ?» የሚል ጥያቄ ከገዛ ቤታችሁ ተነስቶ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ሥጋውን የሚወስድ ሰው ሳታገኙ ጫካ አትግቡ። በተራራው አካባቢ የድብ ሥጋ በደስታ የሚቀበል ገበሬ አይጠፋም። ስትሰጡት ግን ንገሩት። የድብ ሥጋ ትሪኪኔላ የሚባል ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ለብለብ አይሆንም፤ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየትም አይበቃም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ድብ በአንድ ጥይት ቶሎ የሚሞተው ሁለቱም ሳንባው ወይም ልቡ ሲመታ ነው። ቅርጫ ላይ በሬ የበለተ ሰው ወርቹ ከጎድኑ የት ጋ እንደሚላቀቅ ያውቃል። የምንፈልገው ቦታ እዚያው ነው። ድቡ ጎኑን ሰጥቷችሁ ሲቆም፣ ከፊት እግሩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር አስቡ። በዚያ መስመር ላይ ከደረቱ ግርጌ ሲሶ ያህል ውጡ። ከሲሶው እስከ እኩሌታው ድረስ ያለው የእናንተ ኢላማ ነው። ልቡ ዝቅ ብሎ በሁለቱ የፊት እግሮች መካከል ነው ያለው። ሳንባው ከሱ በላይና ወደ ኋላ ይዘረጋል። እስከ መጨረሻው ጎድን ድረስ ሳንባ ያለ እንዳይመስላችሁ። የኋለኛው ጎድን የሚሸፍነው ጉበቱንና ጨጓራውን ነው።

ጸጉሩ ደግሞ ያታልላል። ኅዳር ላይ ድቡ ለብርዱ ወራት ስብ አከማችቷል፤ ጸጉሩም ረዝሟል። ከሆዱ በታች ተንጠልጥሎ የምታዩት ጸጉር ነው፤ ሥጋ የለበትም። የጸጉሩን ጫፍ ይዛችሁ ሲሶውን ከለካችሁ ጥይታችሁ ከልቡ በታች ያልፋል። በዚያ ላይ መላ አካሉ ጥቁር ነው። ሲመሻሽ የትከሻው መስመር አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ በመነጽር የፊት እግሩን ፈልጉ። እግሩን ካላያችሁ ደረቱን አታውቁትም። ደረቱን ካላወቃችሁ አትተኩሱ።

ታገሡ። ወደ እናንተ ያለው የፊት እግሩ ወደ ፊት እስኪራመድ ጠብቁ። እግሩ ሲራመድ የትከሻው አጥንት ይነሣና ሳንባው ይገለጣል። ከሁሉ የተሻለው አቋም ግን ድቡ ጀርባውን ሊሰጣችሁ ሲል፣ ገደድ ብሎ ሲቆም ነው። ያኔ ጥይቱ በወዲያኛው የፊት እግር በኩል እንዲወጣ አድርጋችሁ አልሙ። በኋለኛው ጎድን ገብቶ ደረቱን በሙሉ ያቋርጣል።

ፊት ለፊት ሲመጣ አትተኩሱ። ጭንቅላቱንም ተዉት። የራስ ቅሉ ወደ ኋላ ያዘነበለና ወፍራም ነው፤ አንጎሉ ደግሞ ትንሽ ነው። ትንሽ ከሳታችሁ መንጋጋው የተሰበረ ድብ ጫካ ውስጥ ገብቶ በረሃብ ይሞታል። ይህን ማሰብ ራሱ ይከብደኛል። ዛፍ ላይ በታሰረ መቀመጫ የምትጠብቁ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ። ድቡ ከሥራችሁ ከሆነ ጥይቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ አንዱን ሳንባ ብቻ ሊመታ ይችላል። በአንድ ሳንባ ድብ ሩቅ ይሄዳል። ትንሽ እስኪርቅ ጠብቁት።

እየጠበቃችሁ ደግሞ ከኋላው ተመልከቱ። የቨርጂኒያ ሕግ ግልገል የምታስከትል እናት ድብን መግደል ይከለክላል። ከ100 ፓውንድ፣ ማለትም ከ45 ኪሎ በታች የሆነ ድብም አይገደልም። ግልገሎቹ ብዙ ጊዜ ከእናታቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ። መጀመሪያ ብቅ ያለውን ጥላ አይታችሁ አትቸኩሉ።

አሁን ስለ ጥይት። ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «የትኛው ካሊበር?» ብለው ነው፤ ካሊበር ማለት በኢንች የሚለካው የጥይቱ ውፍረት ነው። ለጥቁር ድብ 308 ወይም 30-06 ከበቂ በላይ ነው። 180 ግሬን፣ ማለትም 11 ግራም ተኩል ገደማ የሚመዝን እርሳስ፣ ማለትም ከአፈሙዙ የሚወጣው የጥይቱ ክፍል፣ ጥሩ ነው። በቅርብ ርቀት ያረጀው 30-30 እስከ ዛሬ ሥራውን ይሠራል። ብዙ ወጣቶች የሚወዱት 223 ግን ለድብ አይሆንም። ቨርጂኒያ ለድብና ለአጋዘን ከ23 ካሊበር፣ ማለትም ከ0.23 ኢንች በታች ያለውን ጠመንጃ ትከለክላለች፤ የ223 እርሳስ ደግሞ 0.224 ኢንች ስለሆነ ከዚያ በታች ነው።

እኔን ከካሊበሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የእርሳሱ አሠራር ነው። አገር ቤት ክላሽ ይዛችሁ ያገለገላችሁ አላችሁ። የጦር ሠራዊት ጥይት እርሳሱ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ነው። ድብ ውስጥ ሲገባ አይከፈትም። ጠባብ ቀዳዳ ከፍቶ ያልፋል፤ ድቡም ብዙ መንገድ ሮጦ ይሞታል፣ አይገኝምም። በብዙ ስቴቶች ለትልልቅ አውሬ መጠቀሙ ክልክል ነው። ኢላማ መለማመጃ ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ይኸው ነውና ሳጥኑን አንብቡ።

በተቃራኒው ለትንንሽ አውሬ የተሠራ፣ ቶሎ የሚፈነዳ እርሳስ አለ። ይህ ትከሻ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፤ ሳንባው ጋ አይደርስም። በ1946 ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አውሬ ሲያድን የገጠመው ይኸው ነው። ቆዳው ላይ ጭቃ የደረቀበት ሙስ ጥይቱን ከላይ አስቀረበት። ሰውየው ተመልሶ በመሐሉ የመዳብ ግድግዳ ያለው እርሳስ ሠራ። የፊቱ ግማሽ ይከፈታል፤ የኋላው ግማሽ ሳይበታተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዛሬም ይሸጣል። እርሳስ የሚባለው ብረት ጨርሶ የሌለበት፣ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራም አለ፤ እሱ ሥጋው ውስጥ የእርሳስ ብናኝ አይተውም። ሥጋውን ለሌላ ሰው ለምትሰጡት ለእናንተ እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ለምን ወደ ውስጥ መዝለቁ ላይ እንዲህ አተኮርኩ? ድብ ስትመቱት ደሙ መሬት ላይ እንደ አጋዘን አይንጠባጠብም። ስቡ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ጸጉሩም ደሙን ይመጠዋል። ጥይቱ ገብቶ በሌላው ጎን ካልወጣ የምትከተሉት ዱካ ላይኖር ይችላል። ሁለት ቀዳዳ ያስፈልገናል፤ አንደኛው ዝቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ትልቅ ጠመንጃ ይሻላል የሚላችሁ ይኖራል። የአላስካን ቡናማ ድብ ተመልከቱ። የኮዲያክ ደሴት ወንድ ድብ እስከ 680 ኪሎ ይደርሳል፤ እዚያ 338 ማግነም ወይም 375 ቢመረጥ ይገባኛል። ሆኖም የአላስካ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ራሱ ለአዳኞች የሚለው፣ ትልቁን ጠመንጃ የምትይዙት እንደ 30-06 አስተካክላችሁ መተኮስ ከቻላችሁ ብቻ ነው። የዚያ አገር አስጎብኚ አዳኞች ዋና እሮሮም በጠመንጃው በትክክል መተኮስ የማይችል ደንበኛ ነው። የሰደፉን ምት ፈርቶ ቃታ ሲስብ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው 338 ቢይዝ ምን ይጠቅመዋል? 308 ይዞ ሳይደነግጥ የሚተኩሰው ይበልጠዋል።

ከተኮሳችሁ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት አጉርሱ። ድቡ እስከቆመ ድረስ ደግማችሁ ተኩሱ። በወደቀ ድብ አትታለሉ፤ አከርካሪው አጠገብ ተመትቶ የወደቀ ተነሥቶ ይሮጣል። ከሮጠ የገባበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ሳንባውን መታሁት ብላችሁ ብታምኑም ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ። ሆዱን መትታችሁት ከሆነ ሰዓታት ጠብቁ። ብቻችሁን በጨለማ ቁጥቋጦ ውስጥ አትከተሉት፤ ሰው ጥሩ። ስትደርሱበት ከጀርባው ቅረቡ፤ ዓይኑን በረዥም እንጨት ነክታችሁ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ጠመንጃችሁን አስቀምጡ።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳ ላይ እጠብቃችኋለሁ። ለማደን የገዛችሁትን ያንኑ ጥይት ይዛችሁ ኑ፤ ጠመንጃ አንዱን ጥይት እንደ ሌላው አይተኩስም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳህን እሰቅላለሁ። ቁጭ ብላችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ ቆማችሁ ትተኩሳላችሁ። አምስቱንም ጥይት ሳህኑ ውስጥ የምታስገቡበት ርቀት የዘንድሮ ወሰናችሁ ይሆናል። ለአንዱ 100 ሜትር፣ ለሌላው 40 ሜትር ሊሆን ይችላል። እያንዳንዳችሁ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋችሁ ከፈቃዳችሁ ጋር ትይዛላችሁ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።